«ዓይናቸው ጤነኛ ነው» ተባልን፤ አባቴ ግን ግራቸውን አያዩም

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የምንኖረው አዘዞ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። እጅና እግራቸው ቶሎ ተመለሰላቸው፤ ንግግራቸውም ደኅና ነው። ነገር ግን በግራ በኩል ከበር መቃን ጋር ይጋጫሉ፤ በግራቸው የተቀመጠላቸውን ቡና እስኪቀዘቅዝ አያነሡትም፤ ዳዊት ሲደግሙ መስመር ይጠፋባቸዋል። አንድ ጎረቤታችን «ሰላምታ ነሡኝ» ብለው እስከ መቀየም ደርሰዋል። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው «ዓይናቸው ጤነኛ ነው» ተባልን። መነጽር ቤት መነጽር ሸጠልን፤ ምንም አልለወጠም። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በየወሩ የሚከፈልበት የኮምፒውተር ልምምድ ልግዛ ይላል። ቤት ውስጥ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ? እይታቸው ይመለሳል? መኪናቸውንስ መንዳት ይችላሉ?

ምላሽ፦ ሁለቱም እውነት ነው። የአባትዎ ዓይን ጤነኛ ነው፤ አባትዎም ግራቸውን አያዩም። ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ የጎደለው ማብራሪያው ነው። ዓይን የተቀበለውን ብርሃን ወደ አንጎል ይልካል፤ «አየሁ» የሚያሰኘን ግን አንጎል ነው፤ ስትሮኩ የጎዳውም ይህንኑ የአንጎል ክፍል ነው። መነጽሩ ምንም ባይለውጥ አይደነቁ። መነጽር ብርሃን ዓይን ውስጥ በትክክል እንዲያርፍ ያደርጋል እንጂ አንጎል ውስጥ የተቋረጠውን መንገድ አይቀጥልም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ ወይ ላሉት፣ አለ፤ እንዲያውም ዋናው ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። የሚሠለጥነው ዓይናቸው ሳይሆን ዙሪያቸውን የሚቃኙበት ልማድ ነው። ይህን ቤተሰቡ በሙሉ ከተረዳው የቀረው ይቀላል።

ብዙ ሰው በዚህ ሁኔታ ላይ ሲሆን «ግራ ዓይኔ ጠፋ» ይላል። የጠፋው ግን ግራ ዓይን አይደለም። ከእያንዳንዱ ዓይን የሚነሣው ነርቭ ወደ አንጎል ሲጓዝ ግማሹ መንገድ ላይ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። በዚህም ምክንያት ከሁለቱም ዓይኖች የሚመጣው የግራ በኩል እይታ ወደ ቀኝ አንጎል፣ የቀኝ በኩሉ ደግሞ ወደ ግራ አንጎል ይገባል። የቀኝ አንጎል የኋላ ክፍል ደም ሲቋረጥበት የሁለቱም ዓይኖች የግራ ግማሽ አብሮ ይጠፋል። በሕክምና ሄሚያኖፒያ ይባላል። ዝርዝሩ በሚገባ የታወቀው ከጦር ሜዳ በመጡ ቁስለኞች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 በተካሄደው የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለ ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ጥይት የራስ ቅላቸውን የበሳቸውን ወታደሮች እየመረመረ፣ የትኛው የአንጎል ክፍል የትኛውን የእይታ ክፍል እንደሚይዝ ካርታ ሠራ። የእነዚያ ወታደሮችም ዓይን ጤነኛ ነበር።

ቤት ውስጥ ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ፊት ለፊታቸው አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጡና አፍንጫዎን ትክ ብለው እንዲመለከቱ ይንገሯቸው። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑ። እርስዎ ጣትዎን እያንቀሳቀሱ ከጎን ወደ መካከል ያምጡ፤ ሲያዩት «አየሁ» ይበሉ። ቀጥለው ግራ ዓይናቸውን አሸፍነው ይድገሙት። የእሳቸው ግራ ከእርስዎ ቀኝ በኩል መሆኑን አይርሱ። በሁለቱም ጊዜ በግራቸው በኩል የሚመጣው ጣት አፍንጫዎ አጠገብ እስኪደርስ ካልታያቸው ጉዳዩ የአንጎል ነው። የጎደለው በአንደኛው ዓይን ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ ዓይኑ ራሱ ወይም ነርቩ ላይ ሊሆን ስለሚችል ወደ ዓይን ሐኪም ይመለሱ። በማንኛውም መንገድ ፔሪሜትሪ የተባለው የእይታ ስፋት ምርመራ ሊሠራላቸው ይገባል። ግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል ከማስነበብ የተለየ ምርመራ ነው፤ በስሙ ይጠይቁት።

ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚመሠረተው በአንድ ልዩነት ላይ ነው፤ ግራን አለማየትና ግራን መርሳት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ያለበት ሰው አንድ ነገር እንደ ጎደለው ያውቃል፤ ሲነግሩት ይዞራል፤ ውሎ አድሮም በራሱ መፈለግ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ ባለሙያዎች ኒግሌክት የሚሉት፣ የትኩረት ጉድለት ነው። ለሰውየው ግራ የሚባል አቅጣጫ ከነጭራሹ የሌለ ያህል ስለሚሆን አይፈልገውም፤ «ምን ጎደለኝ?» ብሎም ይከራከራል። ይህ ግትርነት አይደለም፤ የሕመሙ አንዱ አካል ነው። በአብዛኛው የሚከተለው የቀኝ አንጎልን ጉዳት ሲሆን ከሄሚያኖፒያ ጋር አብሮ ሊገኝም ይችላል። የቡናው መቀዝቀዝም ሆነ የመስመሩ መጥፋት ከሁለቱም ሊመጣ ስለሚችል መለየት አለብን።

የእኛ ማዕድ ኒግሌክትን ይደብቃል። በውጭ መጻሕፍት ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ታማሚው የሳህኑን ግማሽ ብቻ በልቶ መነሣቱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰው ከትሪው በፊቱ ካለው እየቆረሰ ይበላል፤ ወጡ ሲያልቅ ሌላው ያቀርብለታል፤ ጉርሻም አለ። ስለዚህ ግራው መረሳቱን ማንም ልብ አይልም፤ ቤተሰቡም «ምግብማ በደንብ ይበላሉ» ይላል። አንድ ቀን ለብቻቸው በሰፊ ሳህን ያቅርቡላቸው፤ ወጡን በግራም በቀኝም እኩል ያድርጉና ምንም ሳይናገሩ ይመልከቱ። ጋቢያቸው ከግራ ትከሻቸው ወርዶ ሲጎተት ሳያስተውሉት ይቀራሉ? የግራ ጉንጫቸውን ሳይላጩ ይወጣሉ? ወረቀት ላይ ረጅም አግድም መስመር ስበው መካከሉን እንዲያመለክቱ ቢጠይቋቸው ምልክቱ ወደ ቀኝ ርቆ ያርፋል? ሰዓት ሲስሉ ቁጥሮቹ ሁሉ በቀኝ ግማሽ ይታጨቃሉ? ከእነዚህ አብዛኛው እውነት ከሆነ ከታች ያለውን ልምምድ አይተዉት፤ ነገር ግን የቅርብ ሰው ቀስቃሽነት አብዝቶ ያስፈልጋቸዋል፤ ለብቻቸውም ወደ መንገድ መውጣት የለባቸውም።

እይታቸው ይመለሳል ወይ? በራሱ ከሚመለሰው አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከ6 ወር በኋላ እይታ በራሱ ሲሰፋ ማየት ብርቅ ነው። እናንተ ገና ሁለተኛው ወር ላይ ስለሆናችሁ ተስፋ አለ፤ ይሁን እንጂ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም። የቅኝት ልምምድ የጠፋውን ግማሽ አያመጣም፤ የቀረውን ግማሽ ፈጥኖ ወደ ጠፋው አቅጣጫ ማዞርን ያስተምራል። የዓለምን የሕክምና ጥናቶች ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ፣ የቅኝት ልምምድ የኑሮ ጥራትን ሊያሻሽል እንደሚችል የሚጠቁም፣ ነገር ግን ውስን የሆነ ማስረጃ መኖሩን ገልጿል። የጠፋውን እይታ ራሱን እንመልሳለን ለሚሉ ልምምዶች ግን በቂ ማስረጃ አላገኘም። እኔ ቅኝትን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ላይ ኪስ አይጎዳም።

ልምምዱ ምን ላይ እንደሚያተኩር ልግለጽ። ጤነኛ ሰው በግራው ያለን ነገር ሲፈልግ የዓይኑ ዳር አስቀድሞ ስለሚጠቁመው በአንድ ዝላይ ይደርስበታል። ግራው የጠፋበት ሰው ጠቋሚ የለውም። ዓይኑ ከመካከል ተነሥቶ በጨለማ ቤት ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው በትንንሽ እርምጃ ይንፏቀቃል፤ ይደክመዋል፤ መንገድ ላይም ይተወዋል። ስለዚህ የምናስተምረው አንድ ነገር ነው፤ ዓይኑን በአንድ ትልቅ ዝላይ ወደ ግራ ጥግ ወርውሮ፣ የሚፈለገውን ነገር አልፎ ሄዶ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እየተመለሰ መቃኘት። አልፎ ሲሄድ ነገሩ በሚያየው ግማሽ ውስጥ ይወድቃል። ሁላችሁም በአንድ ቃል አስታውሷቸው፤ «ግራ ጥግ» ይበቃል። አንዱ «ዞር ይበሉ»፣ ሌላው «አይታይዎትም እንዴ» እያለ ከሚያዋክባቸው ይህ ይሻላል።

በግድግዳ ይጀምሩ። ከ1 እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች በየወረቀቱ በትልቁ ጽፈው የሳሎኑ ግድግዳ ላይ በተዘበራረቀ ሁኔታ ይለጥፉ፤ ከቀኝ ይልቅ በግራ በኩል ይብዙ። በግራው መጨረሻ ላይ ቀይ ጨርቅ ይስቀሉ። አባትዎ ከወረቀቶቹ መካከል ትይዩ ወንበር ላይ ይቀመጡ። እርስዎ ቁጥር ይጥራሉ፤ እሳቸው መጀመሪያ ቀዩን ጨርቅ ያያሉ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እየቃኙ ቁጥሩን ያገኙና በጣታቸው ያመለክታሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅላታቸው ሳይዞር ዓይናቸው ብቻ ይሥራ፤ ዓይን ብቻውን መፍጠን መልመድ አለበት። ሲቀናቸው ጭንቅላትም ይጨመር። የቁጥሮቹን ቦታ በየሁለት ቀኑ ይቀይሩ፤ አለዚያ በትዝታ እንጂ በቅኝት አያገኟቸውም፤ እናንተም የተሻላቸው ይመስላችኋል።

ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከሰፌድ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። አንድ እፍኝ ምስር በሰፌዱ ላይ ይበትኑና ጥቂት የቦሎቄ ፍሬዎች ጣል ጣል ያድርጉበት፤ አብዛኛው በግራ በኩል ይሁን። ከግራ ጠርዝ ጀምረው ረድፍ በረድፍ ይልቀሙ። እጅ ሲነካ፣ ዓይን ሲፈልግ፣ ጣት ሲያነሣ ትኩረቱ አብሮ ይሳባል። አንዳንድ አባቶች «እኔን ምስር አስለቃሚ አደረጋችሁኝ» ብለው ያዝናሉ። ማስገደድ አያስፈልግም። የእርስዎ አባት መምህር ናቸው፤ አሮጌ ጋዜጣና ቀይ እስክሪብቶ ይስጧቸውና በአንድ ገጽ ላይ ያለውን «መ» በሙሉ እንዲያከብቡ ያድርጉ። ሲጨርሱ እርስዎ ይመልከቱት። ግራ የጎደለበት ሰው ያረመው ገጽ ወዲያውኑ ይታወቃል፤ በቀኝ በኩል ቀዩ ክብ ይበዛል፤ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ቃላት ግን ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። ወቀሳ ሳይሆን ማስረጃ ነውና ገጹን አብረው ይዩት። ብዙ ሰው ጉድለቱን አምኖ የሚቀበለው ሲነገረው ሳይሆን በገዛ እጁ የሠራውን ሲያይ ነው።

ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ገበጣ ወይም ካርታ መጫወትም ሥራ ነው። ካርዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ በረጅሙ መደርደር ብቻ ነው። ሰዓቱን ግን አያብዙት፤ ጠዋት 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል፣ እረፍት ካደረጉ በኋላ። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም ስንፍና አይደለም፤ ግንባራቸው ሲከብድ ወይም ስሕተት ሲበዛ ያቁሙ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይበልጣል።

ንባብን በተመለከተ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዳዊት የሚደግም ሰው አብዛኛውን በቃሉ ይዞታል። መስመር ቢዘልም አንደበቱ ይሞላዋል፤ የሚሰማው ሰው ስሕተት አይሰማም። አባትዎ እንኳ በዳዊት መስመር ከጠፋባቸው በማያውቁት ጽሑፍ የባሰ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ዳዊቱን ለጸሎት ይተዉትና ለልምምድ አዲስ ጽሑፍ ያቅርቡ፤ ጋዜጣ ወይም ከዚህ በፊት ያላነበቡት መጽሐፍ። በገጹ ግራ ዳር ከላይ እስከ ታች ደማቅ ቀይ መስመር ያስምሩ፤ ከሚያነቡት መስመር ሥር ካርቶን ያድርጉ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀዩ ሳይታይ ንባብ አይጀመርም። መስመር ሲጨርሱ ካርቶኑን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸው ተመልሶ ቀዩን ይነካል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ማሳረፍም ይረዳል። ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ ብርሃኑም በቂ ይሁን።

ይህን የምታነቡና ቤታችሁ የጠፋው ቀኝ የሆነባችሁም አትጠፉም። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ዓይን ሁልጊዜ ከፊቱ ያለውን ቃል አስቀድሞ ይሰልላል፤ ቀኝ ሲጠፋ ይህ ስለሚቀር ንባብ ፊደል በፊደል ይሆናል። ቀይ መስመሩን በቀኝ ዳር አድርጉት። አንዳንዶች መጽሐፉን ወደ ጎን አዙረው ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይቀላቸዋል፤ ይሞከር።

ወደ መንገድ እንውጣ፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ይሄዳል። እግረኛ ከመንገድ ዳር ሲነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው መኪና የሚመጣው ከግራው ነው። ግራው የጠፋበት ሰው የመጀመሪያዋን እርምጃ የሚያደርገው ወደማያየው ባጃጅ ነው ማለት ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር የሚያስገባው መንገድ የጭነት መኪናም ባጃጅም የማይለየው ስለሆነ፣ ቅኝቱ በግቢና በመንደር ውስጥ ለምዶ ሳይረጋገጥ ብቻቸውን እንዳይሻገሩ። ሲሄዱ ረዳቱ በግራቸው ይሁን፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ይሂድ። መጎተት አያስፈልግም። ከመነሣታቸው በፊት ቆም፣ ግራ ጥግ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ጥግ፤ ሲሄዱም በየጥቂት እርምጃው ይደገም። ክዳን የሌለው የመንገድ ዳር የውኃ መውረጃ ቦይ ዋና ጠላታቸው ነው። በቤት ደጃፍ ያለውን የደረጃ ጠርዝ በቢጫ ቀለም ይቀቡት፤ ነጭ ስኒ በነጭ ሳህን ላይ ከመስጠት ባለቀለም ሳህን ይጠቀሙ።

መንደሩን ሲለምዱ በማለዳ፣ ግርግር ሳይኖር፣ ፒያሳ ይውሰዷቸውና በእግረኛ መንገዱ ላይ እየሄዱ በግራ በኩል ያሉትን የሱቅ ጽሑፎች ጮክ ብለው ያንብቡ። ቅዳሜ ገበያን ለመጨረሻው ያቆዩት፤ ሰው፣ ሸክምና እንስሳ የሚተራመስበት ቦታ ለጤነኛም ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደው ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ለዚህ ልምምድ የተሠሩ ያህል ናቸው፤ አንዱን ረድፍ ከግራ ጥግ ጀምረው እስከ ቀኝ አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ቀጣዩን። ቀና ሲሉ ራሳቸውን ሊያዞራቸው ስለሚችል ተቀምጠው ይሁን። በቤተ ክርስቲያን ወንዶች የሚቆሙት በሰሜን በኩል መሆኑም ይጠቅማቸዋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ግድግዳው በግራቸው፣ ሕዝቡና አገልግሎቱ በቀኛቸው ይሆናል። ለልቅሶም ለእድርም ሲቀመጡ በዚሁ ሥሌት ከሰዉ ሁሉ በስተግራ ጫፍ ላይ ያስቀምጧቸው።

ጎረቤቱን ዛሬውኑ ያነጋግሩ። በጎንደር ሰላምታ መንሣት ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ መምህር በስተርጅና ኩሩ ተብሎ መቅረት የለበትም። «በግራቸው ያለ ሰው አይታያቸውም፤ በስማቸው ጥሩና ማን እንደሆናችሁ ንገሯቸው» ማለት ብቻ ይበቃል። «ጋሼ፣ በግራዎ ነኝ» የሚል ጎረቤት በቀን አሥር ጊዜ ልምምድ ያሠራቸዋል። ቤት ውስጥም ሁሉን ነገር ወደ ቀኛቸው አታዙሩ። ትኩስ ነገርና እሳት በቀኛቸው ይሁን፤ ሬዲዮውን ግን በግራቸው ያስቀምጡ፤ ድምፅ ትኩረትን ይስባል። ስለ ቁም ነገር ስታወሩ በቀኛቸው ጀምራችሁ ከቀን ወደ ቀን ወደ መካከል፣ ከዚያም ወደ ግራ ተጠጉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚደብቀው አንድ ጉዳይ አለ። ግማሽ እይታ ሲጠፋ አንዳንድ ሰው በጠፋው በኩል የሌለ ሰው፣ እንስሳ ወይም የቀለም ቅርጽ ያያል። አንጎሉ ምስል ሲቋረጥበት ራሱ የሚፈጥረው ነው፤ እብደትም የመንፈስ ልክፍትም አይደለም፤ በአብዛኛው እየቀነሰ ይሄዳል። አባትዎን በእርጋታ ይጠይቋቸው፤ ፈርተው ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። ምስሉ ከሰውነት መንቀጥቀጥ ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ግን የሚጥል በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጠበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ በእርጥቡ ደረጃ ላይ በግራቸው የሚይዛቸው ሰው ይኑር፤ የደም ግፊትና የስትሮክ መድኃኒታቸውን ግን አንድ ቀንም አያቋርጡ። በጾም ወቅት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ ይህ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።

ወንድምዎ ገንዘቡን ያቆዩት። የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባለሙያዎች ለዚሁ ችግር ሁለት የኮምፒውተር ልምምዶችን አዘጋጅተው በነጻ አቅርበዋል፤ አይ ሰርች የተባለው ለቅኝት፣ ሪድ ራይት የተባለው ደግሞ ለንባብ ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለአባትዎ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። ቢያገኙትም እንኳ የግድግዳውና የጋዜጣው ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም፤ ሰው የሚኖረው በስክሪን ስፋት ውስጥ አይደለምና። ምስልን ከጠፋው ወደሚታየው በኩል የሚያመጣ ፕሪዝም መነጽርም አለ። አንዳንዱን ይረዳል፤ ብዙዎችን ግን ራስ ያሳምማል፣ ያደናግራልም። ባለሙያ ለክቶ ሳይሞክረው ከመነጽር ቤት አይግዙ።

በአደጋ ጭንቅላታቸውን ተመትተው አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታያቸው ሰዎች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። አንዱን ዓይን ሲሸፍኑ ሁለትነቱ ከጠፋ ዓይኖቹ አብረው መንቀሳቀስ አቅቷቸዋል ማለት ነው። ለጊዜው አንዱን ዓይን በየተራ መሸፈን ያሳርፋል፤ ብዙው በወራት ውስጥ ይሻሻላል፤ ሕክምናው ግን በዓይን ሐኪም ክትትል ነው።

መኪናውን አይንዱ። በሁለት ዓይን የምናየው ስፋት ከጎን እስከ ጎን 180 ዲግሪ ያህል ነው፤ ግማሹ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ 90 ያህል ይቀራል። እንግሊዝን የመሳሰሉ አገሮች ለአሽከርካሪ ቢያንስ 120 ዲግሪ ይጠይቃሉ። የእይታ ስፋት ምርመራቸው ተሻሽሎ ሐኪም ፈቅጃለሁ እስኪል ድረስ ባጃጅም ብስክሌትም እንደዚያው ነው። ቁልፉን ልጆች ሸሽገው ከሚያስቀምጡት ይልቅ ይህን ቁጥር ራሱ ሐኪሙ ቢነግራቸው ክብራቸው ይጠበቃል።

ጎንደር ላይ መሆናችሁ መልካም አጋጣሚ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ከመሆኑም ሌላ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራምም አለው፤ የሆስፒታሉ ዓይን ክፍልም እዚያው ነው። ስትሄዱ የሲቲ ስካኑን ውጤት፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የቤት ልምምዱን ጋዜጦች ይዛችሁ ሂዱ። ፊታቸው በድንገት ከጠመመ፣ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ እይታቸው በድንገት ከቀነሰ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት ከጀመራቸው ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

በየሳምንቱ አንድ ያረሙትን የጋዜጣ ገጽ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ከገጹ መካከል በእርሳስ ቁልቁል መስመር ያስምሩና በግራውና በቀኙ የተዘለሉትን «መ» ለየብቻ ይቁጠሩ። የግራው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ከቀነሰ ልምምዱን በዚያው ይቀጥሉ። ከስድስት ሳምንት ትጋት በኋላም ካልቀነሰ፣ ወይም ገጹን ሲያሳዩዋቸው «ምኑ ተዘለለ?» እያሉ ከጸኑ፣ ኒግሌክት ሊሆን ስለሚችል ገጾቹን ይዘው ለግምገማ ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱ።